ሃያ ሰባት ዲግሪ

ፕሮግራሙ ዓለምን በሃያ ሰባት ዲግሪ ነው የሚያውቃት፤
ሌላ ካልነገሩት፣ ጣራም ይሁን ጓዳ፣
ሃያ ሰባት ብሎ ይጀምራል።
እኛ ሻርጃ ነን፤ ኢንዱስትሪ አሥራ አንድ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ።
የዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ አያውቅም፤
ጣራ ላይ የተሰቀለ የኤሲ ሳጥን
ውስጡ ዘጠና ይገባል።

ሰኞ ሦስት ቦርድ መጣ፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ጠቁረዋል።
ማክሰኞ አምስት።
ቢጆይ መጀመሪያ ያሸታል፤ አፍንጫው ከሜትሩ ይቀድማል።
«ይቺው ናት» አለ፣ «ያቺ ስም የለሽ።»

ስሟን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ነው የላኳት፤
ምስጢር ሊጠብቁ ይሁን ሌብነት ሊሸሽጉ፣ እንጃ።
ሦስት እግር አላት፦ በር፣ ምንጭ፣ መውረጃ።
በሩ ሲነካ ጅረቱ ይፈሳል፤ ይህን ማንም ያውቃል።
ስንት ቮልት ላይ እንደምትከፈት፣ ስንት ሙቀት ላይ እንደምትከዳ
የጻፈላት የለም።

«ከማኅደሩ የምትመስላትን አስገቢ» አለኝ ሙዘሚል፣
«ልዩነቱ ምንድን ነው?»
አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ቦርዱ እንደ ሰዓት ሠራ።
ጠረጴዛው ላይ
በአርባኛው ደቂቃ ጢስ።
በሌላ ሰው ልክ የሰፋሁላት ልብስ ነበር።

ደግነቱ ምንጩ ክፍት ነው፤
የሚቀዳ ይቅዳ፣
የጎደለበትን የሚጨምር ይጨምር፣ ማንም አይከለክል።
ከኢሻ በኋላ፣ የጎረቤት ብየዳ ጋብ ሲል፣
ቢጆይ በሯ የማይገጥም የዳቦ ምድጃ አመጣልኝ።
ስም የለሿን አስተኝቼ
በአምስት አምስት ዲግሪ እያጋልኩ ለካኋት።
ሠላሳ። ሠላሳ አምስት። አርባ።
በግሮሰሪው የዱቤ ደብተር ጀርባ ጻፍኩ፣
ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ዘይት ከሚለው ዕዳ አጠገብ።
ሰማንያ አምስት ላይ መስመሩ ታጠፈ፤
እንደ ዳገት አይደለም፣ እንደ ገደል።

ከዚያ መጻፍ።
እኩልታው ብቻውን አይበቃም፤ ተዳፋቱንም ጽፈሽ ካልሰጠሽው
ፕሮግራሙ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይዳብሳል።
ሦስት ሌሊት መልሱ አልረጋም።
«እርምጃው እጅግ አነሰ» ብሎ ይቆማል፤
ስለ ጊዜ ነው የሚያወራው፣
እኔ ስለ ራሴ መስሎኝ አኮረፍኩ።
አንድ ሌሊትም መሬት ማሰር ረስቼ
ቁጥሩ ሁሉ ተንሳፈፈ።
ቮልት ብቻውን የለም፤ ከመሬት ነው የሚለካው።
ይህን ለማንም አልፈታሁም።

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል፣
ስክሪኑ ላይ በአርባ አንደኛው ደቂቃ ተቃጠለች።
እልል ልል ዳዳኝ።
ሙዘሚል ከፍራሹ ቀና ብሎ «ተበላሸ እንዴ ሰኪና?» አለ።
«አይደለም፤ ተስተካከለ!»
ጸሎቱን አስረዝሞ ሰገደ ያን ቀን፣ ለእኔ ጤና መሰለኝ።

አንድ ቁጥር አለ፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት ሦስት፤
ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ስሞክር ስሞክር ገባ።
አጠገቡ እንዲህ ጻፍኩ፦
«ምክንያቱን አላገኘሁትም። ሻርጃ ላይ ይሠራል።»
የሚቀዳው ሰው ይወቀው፤
የተደፈረሰ ውሃ ጠርቶ አይሰጥም።

ስም ያስፈልጋታል፤ ስም ደግሞ በቁጥር አይጀምርም።
ቢጆይ የልጁን ስም አለ፣ ሙዘሚል የሱቁን።
ተከራክረው ሲደክሙ «ሐምሌ» ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ቦርዶቹ ጣት የምታህል አልሙኒየም ለብሰው ይወጣሉ፤
አምስት ድርሃም ጨምረናል፣ ደንበኛ አጉረምርሟል።
ትናንት አንዱ ተመለሰ።
ቢጆይ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣
«ይቺ እሷ አይደለችም» አለ፣ «ይሄ የባሕር ጨው ነው።»
ሙቀቱን ጽፌ ነበር። እርጥበቱን አልጻፍኩም።
ምድጃዋን ከጠረጴዛ ሥር አወጣሁ፤
ባለ ግሮሰሪው በር ላይ ቆሟል፣
ደብተሩን ይፈልጋል።